ባለቤት ያልነበረው ድግስ፦ የጄኔቫ የመኪና ትርኢት ከልደት እስከ ሞት

ጄኔቫ ሲባል የእኛ ሰው ቀድሞ የሚያስበው ጃንሆይን ነው። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ቆሙ። ገና አንድ ቃል ሳይተነፍሱ የጣሊያን ጋዜጠኞች ከሰገነቱ ላይ ያፏጩባቸው ጀመር። ፉጨተኞቹ እየተጎተቱ ወጡ። ጃንሆይም ጠብቀው፣ ጸጥ ሲል፣ በአማርኛ መናገር ጀመሩ።

ታሪኩን ሁላችንም ሰምተነዋል። አዳራሹን ግን ልብ ያለው ጥቂት ነው። ብዙ ሰው ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት ያለበት ትልቁ ሕንፃ ይመስለዋል። አይደለም። የዚያ ሕንፃ የጉባኤ አዳራሽ ሥራ የጀመረው በዓመቱ ነው። ጃንሆይ የተናገሩት ከተማው መሀል፣ ዠኔራል ዱፉር ጎዳና ላይ በነበረው የምርጫ አዳራሽ ነው። የጄኔቫ ሰዎች ድምፅ የሚሰጡበት፣ ሲብስባቸውም የሚቧቀሱበት ቤት ነበር። «የጥፊ ሳጥን» የሚል ቅጽል ስም አውጥተውለት ነበር።

የዛሬው ጉዳያችን የሚጀምረው ከዚሁ የጥፊ ሳጥን ነው። ከጃንሆይ ንግግር 31 ዓመት ቀደም ብሎ፣ ኤፕሪል 29 ቀን 1905፣ የስዊዘርላንድ የመጀመሪያው የመኪናና የብስክሌት አውደ ርዕይ እዚህ ቤት ውስጥ ተከፈተ። (ከዚህ በኋላ ያለው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው።) 17,000 ያህል ሰው መጥቶ አየው። ያ ትንሽ ነገር አድጎ ከፓሪስ፣ ከፍራንክፈርት፣ ከዲትሮይትና ከቶኪዮ ጋር ስሙ የሚጠራ ትርኢት ሆነ። ሜይ 31 ቀን 2024 ደግሞ በአንድ መግለጫ ተዘጋ።

ምን ነካው? «ኮቪድ ገደለው» የሚል ብዙ ነው። እኔ አልቀበለውም። ኮቪድ ሌሎቹንም መትቷቸዋል፤ ፓሪስም አለ፣ የፍራንክፈርቱም ሙኒክ ገብቶ ቀጥሏል። ጄኔቫን ያሳደጋትና የገደላት አንድ ነገር ነው ባይ ነኝ። ትርኢቱ የማንም አልነበረም።

መኪና የጠላ አገር

የመጀመሪያው ትርኢት ሲከፈት ስዊዘርላንድ መኪና ወዳድ አገር እንዳይመስላችሁ። በምሥራቅ በኩል ግራውቡንደን የሚባል ተራራማ ካንቶን (እኛ ክልል እንደምንለው) አለ። እዚያ በ1900 መኪና ፈጽሞ ታገደ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። መንገዱ ጠባብ፣ ጥግ የሌለው ገደል ነው። ከብቱ ይደነብራል፣ አቧራው ሰብል ላይ ያርፋል፣ መኪናውን የሚነዳው ደግሞ ለሽርሽር የመጣ ሀብታም እንግዳ ነው። ባለመኪናው ካንቶኑ ድንበር ላይ ሲደርስ ሞተሩን አጥፍቶ በፈረስ ያስጎትት ነበር። ሕዝቡ በየጊዜው ለድምፅ ይጠራል፣ በየጊዜው «አይሆንም!» ብሎ ይመልሳል። እገዳው የተነሳው በ1925 ነው። ሩብ ክፍለ ዘመን ሙሉ ማለት ነው።

ጄኔቫ ግን ሌላ ከተማ ናት። ፈረንሳይ በሦስት በኩል ከባታለች። ሕዝቡ የሰዓት ሠሪ እጅ አለው፤ ትንሽ ብረት መሞረድ ያውቅበታል። ፒክ-ፒክ የሚባል የራሷ መኪና ነበራት፣ ሞቶሳኮሽ የሚባል የታወቀ ሞተር ሳይክልም ነበራት። እግረ መንገዴን፣ ያ ስሙ አሜሪካ መኪና ላይ የተለጠፈው ሉዊ ሸቭሮሌም ተወላጅነቱ ስዊዝ ነው፤ የሰዓት ከተማ በሆነችው ላ ሾ-ደ-ፎን ተወልዶ ቀለጠ ወደ አሜሪካ።

የሄደው እሱ ብቻ አይደለም። ኢንዱስትሪውም አልቆየም። አገሩ ትንሽ፣ ገበያው ጠባብ ነበር። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ የስዊዝ የቤት መኪና ፋብሪካዎች አንድ በአንድ ከሰሙ። ትርኢቱም አብሮ ተንገዳግዷል። በ1906 ጄኔቫ ላይ ተደገመ፣ በ1907 ወደ ዙሪክ ሄደ፣ ከዚያ ዝም አለ። 16 ዓመት ሙሉ ድምፁ አልተሰማም። ዳግም ነፍስ የዘራው በ1923 ሲሆን በ1924 «ዓለም አቀፍ» የሚለውን ስም ይዞ ተመለሰ። በ1926 ፕለንፓሌ ሜዳ ላይ የራሱ አዳራሽ ተሠራለት። በሁለተኛው ጦርነት ጊዜ ተቋርጦ በ1947 ቀጠለ።

እንግዲህ መኪና የማይሠራ አገር የመኪና ትርኢት ያዘጋጃል። ነገሩ የሚያስቅ ይመስላል። ጥበቡ ያለው ግን እዚያ ላይ ነው።

ፓሪስ ላይ ፈረንሳዮች የቤት ልጆች ናቸው። ፍራንክፈርት ላይ የጀርመን ፋብሪካዎች አንድ ሙሉ ሕንፃ ለብቻቸው ይይዙ ነበር፤ ሌላው ጥግ ጥጉን ይፈልጋል። ቱሪን ከሄድክ ፊያት ቤት ነህ። ጄኔቫ ላይ ግን ሁሉም እንግዳ ነው። ጣሊያኑም፣ እንግሊዙም፣ ጃፓኑም እኩል ሰው ቤት የመጣ ሰው ነው። በዓመት ጥቂት መኪና የሚሠራ እንደ ፓጋኒ ያለ ድርጅት በዓመት ሚሊዮኖች ከሚያመርተው ቮልስዋገን ትንሽ ራመድ ብሎ ይቆማል። አዳራሹ መጠነኛ ነው፤ ጠዋት የገባ ሰው ማታ ሁሉንም አይቶ ይወጣል። ጊዜውም ማርች ነው። ክረምቱ አልቆ ሰው መኪና ለመግዛት ኪሱን የሚዳብስበት ወር።

የሴይቼንቶ ልደት

አዲስ አበባ ውስጥ ዕድሜው የሚፈቅድለትን ሰው «ሴይቼንቶ» በለው፤ ፊቱ ይፈታል። ሰማያዊና ነጭ የተቀባች ትንሽዬ ታክሲ። ጋቢና የተቀመጠ ሰው ጉልበቱ አገጩን ሊነካ የሚደርስባት። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ አቀበት ላይ ስታቃስት ድምፁ ከጀርባህ ይመጣል።

እቺ መኪና፣ ፊያት 600፣ ለዓለም የታየችው በማርች 1955 ጄኔቫ ላይ ነው። ቱሪን የተሠራች የጣሊያን መኪና፣ ሰው ፊት ለመቅረብ ድንበር ተሻገረች። ንድፉ የዳንቴ ጃኮዛ ነው። ሞተሯ 633 ሲሲ ብቻ፣ ርዝመቷ ከሦስት ሜትር ከሃያ ብዙም አይዘል። ግን አራት ሰው ትይዛለች። በሞተር ሳይክል ልጁንና ሚስቱን ጭኖ ይሄድ የነበረ የጣሊያን ሠራተኛ ጣሪያ ያለው ነገር አገኘ። እኛ ጋ ደግሞ ታክሲ ሆነች።

ጄኔቫ የሀብታም መኪና መድረክ ብቻ ይመስለን ይሆናል። ሴይቼንቶን ሳስብ ግን ይህን አልቀበልም።

አንድ ሌሊት፣ 1961

አሁን ትንሽ ረጋ ብዬ የማወራው አለኝ። ስለ ትርኢቱ ከተነገሩት ታሪኮች ይሄኛውን የሚያህል የለም።

ማርች 15 ቀን 1961። ጃጓር አዲስ መኪና ሊያሳይ ነው፤ ስሙ ኢ-ታይፕ። ቦታው ትርኢቱ ያለበት አዳራሽ አይደለም። ሐይቁ ዳር ኦ-ቪቭ የሚባል መናፈሻ ውስጥ ያለ ምግብ ቤት ነው። ጋዜጠኞች ተሰብስበዋል። መኪናው ግን የለም።

መኪናው መንገድ ላይ ነበር። የኩባንያው ሰው ቦብ ቤሪ ሌሊቱን ሙሉ ከእንግሊዟ ኮቨንትሪ እየነዳው ነው። የደረሰው ሊጀመር 20 ደቂቃ ያህል ሲቀረው ነው። አስበው፤ የሺህ ኪሎ ሜትር አቧራ የጠጣ መኪና፣ አሥር ደቂቃ ታጥቦ፣ ተወልውሎ፣ የዓለም ጋዜጠኞች ፊት። የጃጓር መሥራች ሰር ዊልያም ላየንስ በር ላይ ቆመው ሰዓታቸውን እያዩ ነበር ይባላል። አይፈረድባቸውም።

መጋረጃው ሲነሳ ሆይ ሆይ ሆነ። ረጅም አፍንጫ፣ ጠባብ ወገብ። በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል ተባለ፤ ዋጋው ደግሞ የዚያን ዘመን ፌራሪ ሻጮች ሰምተው የሚደነግጡበት ነው፤ 2,100 ፓውንድ አካባቢ። ሁሉም «እስቲ ልሞክረው» አለ። ቤሪ ሰው እየጫነ ሲመላለስ አንድ መኪና አልበቃ አለ። ላየንስ ስልክ አስደወሉ።

ስልኩ ኮቨንትሪ ሲደርስ ሙከራ ነጂው ኖርማን ዱዊስ ሥራ ላይ ነው። የታዘዘው አጭር ነው፦ የያዝከውን ጣል፣ ጣሪያው ክፍት የሆነውን ኢ-ታይፕ ይዘህ ናና ነገ ጠዋት ጄኔቫ ድረስ። ዱዊስ የዚያን ጊዜ 40 ዓመቱ ነው። ማታውኑ ተነሳ። ዶቨር ወደብ ላይ ጀልባው ሳይነቀል ደረሰበት። ከዚያ ፈረንሳይን በሌሊት ሰንጥቆ አለፈ። አውራ ጎዳና እንደዛሬው አልነበረም፤ መንደር ለመንደር፣ ዛፍ በግራና ቀኝ በተደረደረበት ጠባብ አስፋልት ነው። በአማካይ በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር ያህል ማለት በዚያ መንገድ እግሩን ከነዳጁ ላይ አላነሳም ማለት ነው። ጠዋት በቀጠሮው ሰዓት ጄኔቫ ነበር። እንቅልፍ የለም፤ ወዲያው ጋዜጠኛ መጫን ጀመረ።

ዱዊስ ዕድሜ ጠግቦ፣ 98 ዓመት ኖሮ በ2019 አረፈ። የነዳት መኪና ታርጋዋ 77 አር ደብልዩ ነው፤ የጃጓር ወዳጅ የሆነ ሰው ይህችን ታርጋ እንደ ልጁ ስም ያውቃታል። ኢ-ታይፕም ከ70,000 በላይ ተመረተ።

ይህን ሁሉ ያወራሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ያኔ ጄኔቫ መድረስ ግዴታ ነበር። አንድ ትልቅ ኩባንያ መኪናውን በሌሊት አስነድቶ፣ ከነአቧራው፣ በሰው አገር ምግብ ቤት ደጃፍ እስኪያቆም ድረስ። ሌላ መንገድ አልነበረማ። ዓለም የሚያይህ እዚያ ከሆነ እዚያ ትሄዳለህ።

ኮፈኑ የማይከፈተው መኪና

በ1966 ላምቦርጊኒ ሚዩራን ይዞ መጣ። ብርቱካንማ፣ ዝቅ ያለ፣ ሞተሩ ከሾፌሩ ጀርባ የተጋደመ። የሣለው ቤርቶኔ የሚባለው የጣሊያን የመኪና ንድፍ ቤት ሰው ማርቼሎ ጋንዲኒ የዚያን ጊዜ 27 ዓመቱ ነው። ሰው ይጎርፋል፣ «ሞተሩን አሳዩን» ይላል። የኩባንያው ሰዎች ፈገግ ይላሉ እንጂ አይከፍቱም። ለምን ቢባል ውስጡ ሞተር የለማ! ጊዜ አጥሯቸው ሞተሩ ቦታው ላይ በትክክል መግባቱን ሳያረጋግጡ ቀርተው፣ ክብደት እንዲያመጣ ብቻ ሌላ ነገር ሞልተውበት ነበር ይባላል። ትርኢቱ እስኪያልቅ ኮፈኑ ተቆልፎ ከረመ። ትዕዛዙ ግን ጎረፈ። አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ቢሞከር ባለጉዳዩ የሚለውን መገመት አያቅትም።

ከአምስት ዓመት በኋላ ያው ጋንዲኒ ቢጫ ካውንታሽን አመጣ። ቃሉ የሰሜን ጣሊያኖች፣ የፒየሞንቴዎች ነው። እኛ «ውይ!» እንደምንለው፣ ያልጠበቁት ነገር ሲያዩ የሚያመልጣቸው። በ1980 አውዲ ኳትሮ መጣ፤ አራቱም ጎማ የሚገፋ የአስፋልት መኪና። የራሊ ውድድርን ገለባበጠው። በ2008 ደግሞ የስዊዙ ሪንስፒድ ውሃ ውስጥ ጠልቆ የሚሄድ መኪና አቆመ። ጣሪያ የለውም፤ ተሳፋሪው የጠላቂ አየር በአፉ ይዞ ነው የሚቀመጠው። ማን ይገዛዋል? ማንም። ግን በዚያ ሳምንት ያልተነሳበት ፎቶ የለም።

በ1982 ትርኢቱ ከፕለንፓሌ ወጥቶ ፓሌክስፖ ወደሚባለው አዳራሽ ገብቷል፤ አውሮፕላን ማረፊያው ጎን። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የፋብሪካ አለቃ ጠዋት ከስቱትጋርት ተነስቶ፣ ከአውሮፕላን ወርዶ በእግሩ ገብቶ፣ የተፎካካሪውን መኪና በር ከፍቶ ዘግቶ፣ ማታ ቤቱ ይገባል። በነዚህ ትርኢቶች ላይ ትልቁ የሰላዮች ሥራ ይሄ ነው። በር ከፍቶ መዝጋት። ድምፁን መስማት። የወንበሩን ስፌት በጣት መዳሰስ። አንዳንዱማ ሜትር ይዞ ይመጣል።

በ2005፣ በመቶኛ ዓመቱ፣ ከ700,000 በላይ ሰው ገባ። የከተማው ሆቴል ከወራት በፊት ይሞላል፤ ያልደረሰው ፈረንሳይ ሄዶ ያድራል። ትርኢቱ ለአካባቢው በዓመት 200 ሚሊዮን ፍራንክ ያህል ያስገባል ተብሎ ይገመት ነበር። ከተማዋ መኪና መሥራት ከተወች ቆይታለች፤ መኪና ግን አበላት።

መቅለጥ ሲጀምር

ብዙ ሰው ነገሩን ከ2020 ይጀምረዋል። ከዚያ በፊት ወንበር መጉደል ጀምሮ ነበር። በ2019 ቡጋቲ 11 ሚሊዮን ዩሮ፣ ያውም ቀረጥ ሳይጨመር፣ የሚያወጣ አንድ ጥቁር መኪና አቆመና ዓለም ስለሱ ብቻ አወራ። 600,000 ሰው ገብቷል። ድምቀቱ ግን ክፍተቱን ሸፈነው። ፎርድ የለም። ቮልቮ የለም። ኦፔል የለም።

ሂሳቡን እንደ ኩባንያው አለቃ ሆነህ አስበው። ቦታ ትከራያለህ። መድረክ፣ መብራት፣ ሁለተኛ ፎቅ ያለው መስተንግዶ ታሠራለህ። ይህ ሁሉ የሁለት ሳምንት ዕድሜ አለው፤ ከዚያ ፈርሶ ይጣላል። ሠራተኛ ታመጣለህ፣ ሆቴል ትከፍላለህ። ከዚያ የጋዜጠኞች ቀን ላይ 15 ደቂቃ ይሰጥሃል። መጋረጃ ይነሳል፣ ካሜራ ብልጭ ብልጭ ይላል፣ ጋዜጠኛው ኬብሉን እየጎተተ ወደሚቀጥለው ይሮጣል። በዚያን ቀን ሌሎች ብዙ አዲስ መኪኖች አሉ። የአንተ ዜና ከቡጋቲ በታች ነው። በሌላ በኩል ቴስላን ታያለህ። ራሱ ድግስ ይደግሳል፣ በኢንተርኔት ያስተላልፋል፣ ያን ምሽት ዓለም የሚያወራው ስለሱ ብቻ ነው።

1961 ላይ ላየንስ ሌላ መንገድ አልነበራቸውም ብያለሁ። አሁን መንገድ ተገኘ።

ዓርብ ጠዋት

ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2020፣ ዓርብ። 90ኛው ትርኢት ለጋዜጠኞች ሊከፈት የቀረው ቅዳሜና እሁድ ነው። ፓሌክስፖ ውስጥ መድረኮቹ አብዛኞቹ ቆመዋል። ምንጣፍ ተነጥፏል። መኪኖች በጭነት እየገቡ ነው። በዚያን ጠዋት የስዊዘርላንድ መንግሥት ከ1,000 ሰው በላይ የሚሰበሰብበትን ዝግጅት ሁሉ ከለከለ። አለቀ። ሲገነቡ የሰነበቱ ሠራተኞች መሰርሰሪያቸውን ገልብጠው ማፍረስ ጀመሩ።

በዚያ ሰሞን የዓመቱ የአውሮፓ መኪና ሽልማት እንደተለመደው እዚያው ጄኔቫ ተሰጠ፤ ተመልካች በሌለበት። ፔጆ 208 አሸነፈች። ቢኤምደብልዩ አዲሱን የኤሌክትሪክ መኪናውን በኢንተርኔት አሳየ። ሌሎቹም እንዲሁ። ዜናው ወጣ፣ ፎቶው ተሰራጨ፣ ሰማይ አልተደፋም። ለትርኢቱ ከኪሳራው ይልቅ ይሄኛው ነው የባሰው። ያለ እሱም መኖር እንደሚቻል ኩባንያዎቹ በአንድ ሳምንት አወቁት።

ኪሳራው 11 ሚሊዮን ፍራንክ ተገመተ። የጄኔቫ ካንቶን 16.8 ሚሊዮን ፍራንክ ብድር ልስጥ አለ፤ ግን በ2021 ትርኢቱን ታካሂዳላችሁ፣ ከብድሩም ቶሎ መመለስ ትጀምራላችሁ የሚል ቅድመ ሁኔታ ነበረው። አዘጋጁ ፋውንዴሽን ኩባንያዎቹን ጠየቀ። አብዛኞቹ «2021 አንመጣም፣ ለ2022 እናስብበታለን» አሉ። እንግዳ በሌለበት ድግስ ተበድሮ መደገስ አይሆንም ብለው ብድሩን ሳይቀበሉ ቀሩ። ልክ ነበሩ። ከዚያ ትርኢቱን ለአዳራሹ ባለቤት ለፓሌክስፖ ለመሸጥ ሞከሩ፤ አልተሳካም።

2021 ቀረ። 2022 ቀረ፤ ያኔ መኪና ውስጥ የሚገባው የኤሌክትሮኒክ ቺፕ እጥረት ነበር። 2023 ጄኔቫ ላይ ቀርቶ ስሙን ይዞ ዶሃ ሄደ። በኦክቶበር፣ ከኳታር ቱሪዝም ጋር፣ ወደ 30 ብራንዶች ይዞ። የጄኔቫ ትርኢት፣ ዶሃ ላይ። እንደ ስም ያስቃል። ግን ተመልከት፤ ኳታርም መኪና አይሠራም። የሰው መኪና በራሱ ቤት የሚያስተናግድ ሌላ ሀብታም ትንሽ አገር ማለት ነው። ልዩነቱ ኳታር መንግሥቱ ከጀርባው መቆሙ ነው።

የመጨረሻው በፌብሩዋሪ 26 ቀን 2024 ጄኔቫ ላይ ተከፈተ። ሬኖ አዲሱን ሬኖ 5 ገለጠ፤ በአዲስ ልብስ የመጣች የሰባዎቹ ትንሽ መኪና፣ አሁን በኤሌክትሪክ። ከሬኖና ከዳቺያ ሌላ የቻይናው ቢዋይዲ፣ ኤምጂ፣ የአሜሪካው ሉሲድ ነበሩ። መርሴዲስ የለም። ቢኤምደብልዩ የለም። ቮልስዋገን የለም። ቶዮታ የለም። 168,000 ሰው መጣ፤ ከአምስት ዓመት በፊት ከነበረው አንድ ሦስተኛ እንኳ አይሞላም።

በዚያው ሰሞን፣ በጃንዋሪ መጨረሻ፣ ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ማድረጓ ተሰምቶ ነበር። ቢዋይዲ የሚባለውን ስም ብዙ አውሮፓዊ ገና ሲለማመደው ቦሌ መንገድ ላይ ቢዋይዲ እየነዳ ለዘይት ቅያሪ መገላገሉን የሚያወራ ሾፌር ማግኘት ቀላል ሆኗል። ያ ሾፌር መኪናውን ከመግዛቱ በፊት ጄኔቫ መቆሟን አልጠየቀም። ቪዲዮ አየ፣ ከጓደኛው ጠየቀ፣ ገዛ።

ሜይ 31 ላይ ፋውንዴሽኑ ትርኢቱ ከእንግዲህ ጄኔቫ ላይ እንደማይደገምና ራሱም እንደሚፈርስ አስታወቀ። ምክንያት ብሎ ያቀረበው የኩባንያዎቹን ፍላጎት ማጣት፣ ወጪውን፣ እና የፓሪስንና የሙኒክን ፉክክር ነው።

ታዲያ ፓሪስና ሙኒክ ለምን ተረፉ?

መግለጫው ውስጥ ያለችው የመጨረሻዋ ሐረግ ላይ ልቁም። ፓሪስና ሙኒክ። ለምን እነሱ?

የጀርመኑ ትርኢት ባለቤት የጀርመን የመኪና ኢንዱስትሪ ማኅበር ነው። ይህም ማለት መርሴዲስ፣ ቢኤምደብልዩ፣ ቮልስዋገን ራሳቸው ናቸው። ፍራንክፈርት ሰው ሲያንስ ይዘውት ወደ ሙኒክ ሄዱ፤ አዳራሽ ብቻ ሳይሆን የከተማውን አደባባይ ሞሉት። ቢቀር የሚያፍሩት እነሱ ናቸዋ። ፓሪስም ላይ ሬኖና ፔጆ የቤት ልጆች ናቸው፤ እናት ቤት ድግስ ካለ ልጅ አይቀርም። ጄኔቫን ግን ማን «የእኔ ነው» ይበል? ለሁሉም የሰው ቤት ነበር። ሰው ቤት ያለ ድግስ ሲደምቅ ሁሉም ይመጣል። ሲቀዘቅዝ ሁሉም ምክንያት አለው።

ሌላ መልስ ያላቸው አሉ። ትልልቅ ትርኢቶች ዘመናቸው አልፏል፣ ለንደንም ቱሪንም ቀድመው ተዘግተዋል ይላሉ። እውነት አላቸው፤ የእንግሊዝ ኢንዱስትሪ በውጭ ባለቤቶች እጅ ከገባ በኋላ ነው ለንደን የተዘጋው። እሱም ቢሆን የኔኑ ነገር ነው የሚያጠናክርልኝ። ቻይና ላይ ደግሞ ሻንጋይና ቤይጂንግ አዳራሹ ይጨናነቃል። ፋብሪካው ያለው እዚያ ነው።

እዚያው ፓሌክስፖ ውስጥ አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። የመጨረሻው የመኪና ትርኢት በማርች መጀመሪያ ተዘጋ። በኤፕሪል በዚያው አዳራሽ ሌላ አውደ ርዕይ ተከፈተ፤ የሰዓት። ባዝል ከተማ ላይ የነበረው ትልቁ የሰዓት ትርኢት በ2020 ሲንኮታኮት ሮሌክስ፣ ፓቴክ ፊሊፕና ጓደኞቻቸው ወጥተው፣ ተነጋግረው፣ የራሳቸውን እዚህ ጄኔቫ ላይ አቆሙ። ሰዓቱን የሚሠሩት እነሱ ናቸው፣ ትርኢቱንም የሚያዘጋጁት እነሱ። በዚያ ኤፕሪል ወደ 49,000 ሰው ገባ። ከመኪናው ሰው ጋር አይወዳደርም። የመኪና መድረክ የቆመበት ወለል ላይ ግን መስታወት ሣጥን ተደርድሮ፣ ነጭ ጓንት ያደረጉ ሰዎች ሰዓት እያወጡ ያሳዩ ነበር። ለቀጣዩ ዓመትም ቦታ ተይዞ ነበር።